ዘር የተማርንበት ዓመት

ባለፈው ግንቦት ለአንድ ጉዳይ ከድሬዳዋ ወደ ጅግጅጋ ሄጄ ነበር። ከባጃጅ ወርጄ በገበያው ጀርባ ሳቋርጥ፣ ከአንድ የላስቲክ ዳስ ሥር የራሰ ቆዳና የማስቲሽ ሽታ ባንድ ላይ መጣብኝ። ባለሁበት ቆምኩ። ዳሱ ውስጥ የነበረው ጫማ ሠሪ የማላውቀው ወጣት ነው። ቀና ብሎ በሶማሊኛ «ጫማሽ ተበጠሰ?» አለኝ። «አልተበጠሰም» አልኩት፤ እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለኝ። ያ ሽታ የሁዳ ቦርሳ ሽታ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ዓመቱን ሙሉ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሽታ።

ያን ዓመት ትምህርት የተጀመረው ዘግይቶ ነው። ክረምቱን ከተማው ታውኮ፣ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ፣ ብዙ ደገኛ ዕቃውን ጭኖ ወደ መጣበት ተመልሷል። እኛ አልሄድንም። አባዬ ከደሴ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ እየዞረ ይቆጣጠራል። ሁከቱ በተነሳ ጊዜ ጎረቤታችን ሐጂ አብዲ፣ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ እኛንና ሌሎች ደገኛ ቤተሰቦችን ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ደብቀው፣ እሳቸው ወንበር አውጥተው በር ላይ ተቀመጡ። መንገዱ ላይ ለሚጮኸው ሁሉ «እዚህ ከእኔ ቤተሰብ በቀር ማንም የለም» ሲሉ እሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ እማዬ ሐጂን ባየች ቁጥር ከመቀመጫዋ ትነሳለች።

ትምህርት ቤት ስንመለስ ዴስክ የምጋራቸው ልጆች ሁለቱም አልነበሩም። ክፍሉ ውስጥ ሦስትም አራትም ሆነው ተጣበው የተቀመጡ ሞልተዋል፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ ግን አንዲት ቀጭን ልጅ አንድ ሙሉ ዴስክ ለብቻዋ ይዛ ተቀምጣለች። ሁዳ ትባላለች። እንደልቤ እጄን ዘርግቼ የምጽፍበት ቦታ አገኘሁ ብዬ ደስ እያለኝ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ሲያየን የቀኑብን መስሎኝ ነበር።

በእረፍት ሰዓት አንዲት ልጅ ጎትታ ወሰደችኝና አፏን በሻርፗ ሸፍና «ጋቦዬ ናት እኮ» አለችኝ። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አፏን መሸፈኗን ሳይ በሽታ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንደ ሳል ያለ ነገር። ማታ እማዬ የአባዬን ሸሚዝ ስትተኩስ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ጋቦዬ ይተላለፋል?»

ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሳች። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

ስለ ሁዳ ነገርኳት። እማዬ ካውያውን አስቀመጠች። ከዚያ «ይተላለፋል ይላሉ። ከአባት ወደ ልጅ» አለች።

«ከዴስክ ወደ ዴስክስ?»

«አይተላለፍም። አብረሻት ተቀመጪ።»

እውነተኛ ትርጉሙን የነገረችኝ ራሷ ሁዳ ናት፤ ያውም እንደ ተራ ነገር፣ እርሳስ እየቀረጸች። አያቶቿ ቆዳ ያለፉ፣ ጫማ የሰፉ፣ ብረት የቀጠቀጡ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሥራ ከሚሠራ ዘር ጋር ሌላው ሶማሌ አይጋባም። «እኛ ትንሽ ጎሳ ነን» አለችኝ። እኔ በቁጥር ትንሽ ማለቷ መሰለኝ።

ከትምህርት መልስ የአባቷ ዳስ መንገዴ ላይ ነበር። አዴር ሮብሌ እንላቸው ነበር፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። አማርኛ የተማሩት የወታደር ቦት ጫማ ሲሰፉ ስለሆነ አንዳንድ ጊዜ «ተንቀሳቀስ!» ብለው በወታደር ድምፅ ያስቁን ነበር። ደንበኛ አይጠፋቸውም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይስቃል፣ ወሬ ያወራል። ሁዳ ከፔርሙዝ በወተት የፈላ፣ ሄል የገባበት ሻይ ቀድታ ስታቀርብ ግን ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሁን ጠጥቼ መምጣቴ ነው» ይላል። የጅግጅጋ ሰው ከቤቱ ሻይ ሳይጠጣ እንደማይወጣ የደመደምኩት ያኔ ነው። የቀረውን እኔና ሁዳ እንጠጣው ነበር።

የሥነ ዜጋ መምህራችን ቲቸር ሂቦ ትባላለች። የሽንሌ ልጅ ናት። ረጅም፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ ጅልባብ የምትለብስ፣ ስትቆጣ ድምፅዋን የምትቀንስ ሴት። አንድ ቀን ደወል ሊደወል ሲል «ነገ ስለ ዘር እንማራለን» አለችን። ከሳይንስ ጋር የተደባለቀ ነገር መስሎኝ በማግስቱ ጥቂት በቆሎና ባቄላ በላስቲክ ቋጥሬ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። ላስቲኩን ፈታችና እህሉን እጇ ላይ ዘረገፈችው።

«ጥሩ አድርገሻል። ከእነዚህ ውስጥ ጌታው የትኛው ነው?» አለችን።

መምህሯ እህሉን አስቀምጣ ስለ ራሷ መናገር ጀመረች።

«እኔ ሽንሌ ሳድግ ‹የማን ልጅ ነሽ?› ብሎ የጠየቀኝ ሁሉ መልሴን ሲሰማ ፊቱ ይበራ ነበር። ምንም ሳልሠራ፣ የአባቴን ጎሳ ስም ብቻ ጠርቼ። ጫማችንን የምትሰፋ አንዲት ሴት ወደ ቤታችን ትመጣ ነበር። ውሃ የምትጠጣበት ኩባያ ለብቻው ነው፤ እሾህ አጥሩ ላይ ይሰቀላል። በዚያ ኩባያ ጠጥቼ አላውቅም። ግን አትጠጪበት ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ አውቀው ነበር።»

ከዚያ ወደ እኛ፣ ወደ ደገኞቹ፣ ዞረች።

«አባቴ ቢሮ ሲሄድ አማርኛ ስለማይችል በር ላይ ቆሞ ይውል ነበር። የእናንተ አባቶች ግን ገብተው ይናገሩ ነበር። ባለፈው ክረምት ደግሞ ተገለበጠ፤ የእናንተ አባቶች ተደበቁ፣ ወንድሞቼ መንገድ ላይ እንደልባቸው ሄዱ። ማናቸውም ይህን በሥራቸው አላገኙትም። ሳይለፉበት የሚገኝ ክብር አለ፤ ሳያጠፉ የሚመጣ ውርደትም አለ። ዛሬ የምንማረው ይህንን ነው።»

ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኛ ደገኞች ጋ ግን ጋቦዬ የሚባል ነገር የለም።»

«የለም? እንግዲያው ቤታችሁ ሂዱና ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ኑ። ቤተሰባችሁ ልጁን ለማን አይድርም? ለምን?»

«ጋቦዬ» የሚለው ቃል ሲነሳ ልጆቹ ሁሉ ወደ መጨረሻው ረድፍ ዞሩ። መምህሯ የሁዳን ስም አልጠራችም። ሁዳ ግን አንገቷን ሰብራ የዴስኩን እንጨት በጥፍሯ ትፍቅ ነበር።

ማታ እራት ላይ ጥያቄውን እንዳለ አቀረብኩት። አባዬ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ።

«ማን ነው ይህን ጠይቁ ያላችሁ?»

«ቲቸር ሂቦ።»

«በዘር ያልቀመስነው መከራ ቀርቶ ነው? የተቃጠለው ግድግዳ ገና ቀለም ሳይቀባ፣ ልጆቹን ቁጭ አድርጋ አንተ የእገሌ ዘር፣ አንቺ የእገሌ ዘር ትላለች? ደግሞ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ጻፊ። የለም ብለሽ ጻፊ።»

እማዬ ምንም ሳትል ተነስታ ውሃ ልታመጣ ወጣች። የውሃው ጆግ ግን ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ነበር።

በዚያ ሳምንት መጥፎ ነገር ሆነ። ግቢው ውስጥ ውሃ የምንጠጣበት በርሜል አለ፤ ጎኑ ላይ የፕላስቲክ ኩባያዎች ይቀመጣሉ። አንድ ጠዋት ከኩባያዎቹ አንዱ እጀታው በቀይ ክር ታስሮ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘነው። ሁዳ ልትጠጣ ስትቀርብ ልጆች «ያንቺ ያ ነው!» እያሉ አጨበጨቡ። የመምህሯን ታሪክ ተጫወቱበት። ሁዳ ኩባያውን አየችው፤ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንስታ በበሩ ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ሰፊው ዴስክ ለእኔ ብቻ ቀረ። ስፋቱን ጠላሁት።

ነገሩ ከተማ ውስጥ ወሬ ሆነና ወላጆች ቅዳሜ ለስብሰባ ተጠሩ። አባዬ ለሥራ ወደ መስክ ሊወጣ ነበር። መኪናው ሲጠብቀው እማዬን «ከሐጂ አጠገብ ተቀመጪ። ሐጂ ያሉትን በይ። ባለውለታችን ናቸው» አላት። እማዬ ሶማሊኛዋ የገበያ ያህል ብቻ ስለሆነ እንዳስተረጉምላት ይዛኝ ሄደች።

የኛው ክፍል ውስጥ፣ በልጆች ዴስክ ላይ፣ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው እየተጋጨ ተቀመጡ። ቲቸር ሂቦ ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች። መጀመሪያ የተናገሩት ሐጂ አብዲ ናቸው፤ እኔ በእማዬ ጆሮ በአማርኛ አንሾካሾክኩላት።

«በሃይማኖታችን ሰው ሁሉ የአደም ልጅ ነው። ይህ የጋቦዬ ነገር የድሮ ድንቁርና ነው፤ በዝምታ እየሞተ ነበር። ይህች መምህርት ቀስቅሳ አስነሳችው። እኔ ክረምት ላይ ሰው ስደብቅ ዘር አልጠየቅኩም። በር ከፈትኩ፣ በቃ። ልጆቻችን ይህን ይማሩ። ኩባያና አጥር ምን ያደርግላቸዋል?»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም እውነታቸውን ነው አልኩ በልቤ። አንድ ደገኛ ነጋዴ ተነስቶ «ለእኛም እንደዚሁ ነው። ልጄ ቤት መጥቶ ‹አባዬ፣ ሳትለፋበት ያገኘኸው ምንድን ነው?› አለኝ። ሱቄ የተዘረፈብኝን ሰው!» አለ።

ከዚያ ከኋላ አዴር ሮብሌ ተነሱ። ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሁለቱም ወገን እንዲሰማ በአማርኛም በሶማሊኛም እየደጋገሙ ተናገሩ።

«መምህርት፣ ልብሽ ቀና ነው፤ አውቃለሁ። ግን ልጄ ተማሪ ሆና ነበር የመጣችው። አንቺ ትምህርት አደረግሻት። በልጄ አታስተምሩ። ልጄን አስተምሩ።»

ቲቸር ሂቦ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ስሟን አልጠራሁም።»

«መጥራት አላስፈለገም። ሁሉም ዞሮ አያት።»

መምህሯ ወደ እሳቸው ዞረች። «ይህ እውነት ነው። እዚያ ላይ ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ከመናገሬ በፊት ብቻዋን ስትቀመጥ፣ ያ ዝምታ የማን ነበር?»

ጫጫታ ተነሳ። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ መምህሯ ከዚህ በኋላ ይህን ርዕስ እንዳታነሳ የሚስማማ እጁን ያውጣ አለ። እጆች መውጣት ጀመሩ። ሐጂ አወጡ። ወደ እማዬ ቀና አልኩ። እጇ ጭኗ ላይ ነበር፤ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጦ።

ከዚያ ብድግ አለች።

«ሐጂ» አለች በአማርኛ፣ «እኔ ነፍሴ የእርስዎ ናት። ልጄም የእርስዎ ናት። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ብቀመጥ ያንቀኛል።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «እናትሽ ምን እያለች ነው?» ተነስቼ ጮክ ብዬ ወደ ሶማሊኛ መመለስ ጀመርኩ።

«እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ» አለች እማዬ።

ተረጎምኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ ግን ወደ ፊት ብቻ ነበር የምታየው።

«በወሎ፣ በእኛ ቀበሌ፣ ሸክላ ለሚሠራ ሰው ሴት ልጅ አይሰጠውም። እኛን ቡዳ ይሉናል። ዓይናችሁ ሰው ይበላል ይሉናል።»

ቡዳ የሚለውን በሶማሊኛ ምን እንደምለው አላወቅኩም። አዴር ሮብሌ ከኋላ «ገብቶናል፣ ልጄ። ቀጥይ» አሉኝ።

«የዚህች ልጅ አባት ሲያገባኝ እናቱ ሠርጋችን ላይ አልመጡም። ሩቅ አገር እንዲመድቡት የለመነውም ማንም የማያውቀን ቦታ እንድንኖር ነው። ሐጂ፣ እርስዎ የደበቁን ጊዜ፣ ውጭ እየጮኹ ሳለ፣ እኔ የፈራሁት ውጭ ያሉትን ብቻ አልነበረም። ከእኛ ጋር ከተደበቁት መካከል አንዲት የወረዳዬ ሴት ነበረች። አውቃኝ እንደሆነስ፣ ለሌሎቹ ነግራ ቡዳ አጠገባችን ተኝታለች ቢሉስ እያልኩ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው ያደርኩት። ሞት በር ላይ ቆሞ እኔ ያንን እፈራ ነበር። ዝምታ አይገድለውም፣ ሐጂ። እኔ ዝም ብዬ ያሳደግኩት ነገር ነው፤ አልሞተም።»

የመጨረሻዋን ቃል ተርጉሜ ተቀመጥኩ። ሐጂ አብዲ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ከዚያ ወደ አዴር ሮብሌ ሳይሆን ወደ ወላጆቹ ዞረው «ያን ኩባያ ያሰረው ልጅ አባት ማን ነው?» አሉ። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ተነሳ። «ሰኞ ጠዋት ልጅህን ይዘህ ሮብሌ ቤት ትሄዳለህ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።» ትምህርቱን በተመለከተ ግን ሐሳባቸውን አልቀየሩም። እጃቸውን መልሰው አወጡ።

ሁዳ በቀጣዩ ሳምንት ተመለሰች። ቲቸር ሂቦ ግን ብዙም አልቆየችም፤ ወደ ሸደር፣ የስደተኞች ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ተዛወረች። ቅጣት ነው ያሉ አሉ፤ ራሷ ጠይቃ ነው ያሉም አሉ። ስትሰናበተን «ጥያቄዬ ትክክል ነበር፣ አጠያየቄ ግን ሰው ጎዳ። ሁለቱንም አትርሱ» አለችን። የተተካው መምህር ማስታወሻ ብቻ ያስጽፈን ነበር። ቆይቶ የፊት ዴስክ እግሩ ሲሰበር ሁለት ልጆች ግድ ሆኖባቸው እኛ ጋ መጥተው ተቀመጡ። ዴስኩ ከተጠገነ በኋላም አልተመለሱም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

አባዬ ከመስክ ሲመለስ ወሬው ቢሮ ቀድሞት ነበር። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ የሰማሁትን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

«ይህን ሁሉ ዓመት የሸፈንኩትን! ሰው ምን ይለኛል ብለሽ አላሰብሽም?»

«አንተ የሸፈንከው እኔን ነው» አለችው እማዬ። «ልብስ እንጂ ሰው እንደዚህ አይሸፈንም።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጊ ብቻ ነበር የሚባለው። አባዬ ምሳውን ውጭ መብላት ጀመረ። እኔ በሁለቱ መሃል እየተመላለስኩ ቀልድ ለማምጣት እሞክር ነበር፤ ማንም አልሳቀልኝም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አባዬ ፈቃድ ወሰደና ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር ቦርሳውን ይዞ ወጣ። እማዬ ትቶን ሄደ ብላ ያሰበች ይመስለኛል፤ ለኔ ግን «ለሥራ ነው» አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ከሰዓት ላይ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። አባዬ ወረደና እጁን ወደ ውስጥ ዘርግቶ አንዲት ቀጭን አሮጊት ደግፎ አወረደ። ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል፤ ጫማቸው አዲስ ነው፣ እግራቸው አልለመደውም። እማዬ በሩ ላይ ስታያቸው የያዘችው ሳፋ ከእጇ ወደቀ። «እታለም!» ብላ ጮኸች። እናቷን የምትጠራው እንደዚያ ነው።

«አያትሽ ሩቅ ናት» ሲሉኝ ሞታለች ማለታቸው መስሎኝ ነበር ያደግኩት። እንግዲህ ሩቅ ማለት ሩቅ ማለት ብቻ ነበር።

ምግብ ቀረበ። አያቴ ከሁላችን ጋር ትሪው ላይ ይቀመጣሉ ብዬ ስጠብቅ በርጩማቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ስጎርስ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሳቆም ቀስ ብለው በጎን ያዩኛል። የጠሉኝ መሰለኝ። በርጩማዬን ይዤ ዞሬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሳቡ።

«ለምንድን ነው የማያዩኝ?» አልኳቸው።

«ቆንጆ ልጅ ነሽ» አሉ፤ ድምፃቸው በጣም ቀጭን ነበር። «እየበላሽ ነው። አንድ ነገር ብትሆኚ እኔን ነው የሚሉኝ።»

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። አባዬን አየሁት። ያ የቡዳ ስም እንዳይነሳ ብሎ እስከ ጅግጅጋ የመጣው ሰው፣ እጁን ታጠበ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ለእኔ አጎረሰኝ። አፌ ሞልቶ እያኘኩ ሳለ ጎንበስ ብሎ የአያቴን ነጠላ ከዓይናቸው ላይ ቀስ አድርጎ ገለጠው።

«ይዩዋት፣ እማማ» አለ። «እስኪጠግቡ ይዩዋት። የእርስዎ ናት።»